ከታቢት እስከ ማሉዋች፦ ታዳጊን የመመዘን ጣጣ

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ከተማ ሁለት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተገናኙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ባለሜዳው ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በዚያ ሳምንት የአገሪቱን የደረጃ ሰንጠረዥ ይመራ ነበር። ከቅርጫቱ ሥር የሚያቆመው ከዳሬሰላም የሄደውን፣ 2 ሜትር ከ21 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን ሃሺም ታቢትን ነው። የእንግዳው ፒትስበርግ ደዋን ብሌር ከታቢት በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ግን ደንዳና ነው። በጨዋታው መሐል ሁለቱ ሲጋፉ ክንዳቸው ተቆላለፈና ብሌር ረጅሙን ልጅ በትከሻው ላይ አሳልፎ ወለሉ ላይ ዘረረው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ብሌር 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበረው፤ ታቢት 5 ነጥብና 4 ሪባውንድ። ፒትስበርግ 76 ለ68 አሸነፈ።

አራት ወር አለፈና የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ድራፍት ደረሰ። ሁለተኛውን ተራ የያዘው ሜምፊስ ግሪዝሊስ ታቢትን ጠራ። ብሌርን እስከ 37ኛው ድረስ የጠራው አልነበረም። ክለቦቹ ምክንያት አላጡም፤ ብሌር በልጅነቱ በደረሰበት ጉዳት የሁለቱም ጉልበቶቹ የፊት መስቀለኛ ጅማት የለም፣ ለሚጫወትበት ቦታም አጭር ነው ተባለ። ሁለቱ ልጆች ግን የዚያን ዓመት የቢግ ኢስት ሊግ ምርጥ ተጫዋችነት ሽልማት እኩል የተካፈሉ ነበሩ።

ታቢት በመጀመሪያው የኤንቢኤ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 13 ደቂቃ ያህል ተሰልፎ 3.1 ነጥብ አስቆጠረ። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ዳኮታ ዊዛርድስ ተላከ። በሁለተኛው ዓመቱ ለሂውስተን ተሰጠ፤ ከዚያ ፖርትላንድ፣ ከዚያ ኦክላሆማ ሲቲ። በ2014 ከሊጉ ሲወጣ አማካይ ነጥቡ 2.2 ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ የተመረጠው ጄምስ ሃርደን ነው። ሰባተኛው ደግሞ ስቴፈን ኬሪ።

ይህን ታሪክ እያነሱ በታቢት መሳለቅ የአሜሪካ ስፖርት ዘጋቢዎች የዘወትር ልማድ ሆኖ ቆይቷል። የአብዬን ወደ እምዬ ነው። ልጁ ኳሱን የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከዳሬሰላም ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ ኮኔቲከት ደርሶ ከታንዛኒያ ኤንቢኤ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ራሱን በሁለተኛ ደረጃ የመረጠ ሰው የለም። የመረጡት ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ቁመቱን ለኩ፣ ስንት ኳስ እንዳገደ ቆጠሩ፤ ሁለት ጥያቄ ግን ዘለሉ። ልጁ አዲስ ነገር የሚይዘው በምን ፍጥነት ነው? የሚሄድበት ክለብስ ለመማር የሚሆን ጊዜና የሜዳ ደቂቃ አለው ወይ? እነዚህ ሁለቱ ከቁመትም ከነጥብም መቅደም የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በሜምፊስ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። በታቢት ቦታ ላይ ስፔናዊው ማርክ ጋሶል አለ፤ ገና 24 ዓመቱ ነው፣ ቋሚ ተሰላፊ ነው፣ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚባለው እሱ ነው። የሚገርመው ጋሶል ራሱ በ2007 የተመረጠው 48ኛ ሆኖ መሆኑ ነው። ልምምድ ሳይሆን ጨዋታ የሚያስፈልገውን ጀማሪ ወስዶ ቦታው ከተያዘበት ቤት ማስገባት፣ ከዚያም ለምን አላደገም ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የመመዘኛው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። 30 ክለቦች በሁለት ዙር ይመርጣሉ። በውድድር ዘመኑ ወደ ኋላ የቀሩት ቡድኖች የፊተኛውን ተራ በዕጣ ይከፋፈላሉ፤ ሐሳቡ ደካማው እንዲጠናከር ነው። ከድራፍቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ተስፈኞቹ ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ጫማቸውን አውልቀው ይለካሉ። ቁመት፣ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ የክንድ ርዝመት፣ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ፣ የመዳፍ ስፋት፣ ዝላይ፣ ሩጫ ይመዘገባል። ሐኪሞች ልብና ጉልበት ይመረምራሉ። የክለብ ኃላፊዎች ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ያነጋግራሉ። ይህ ሁሉ ከንቱ ነው አይባልም፤ ክንደ ረጅም ተጫዋች ሰፊ ሜዳ ይሸፍናል፣ የተደበቀ የልብ ሕመምም በምርመራው ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ለመለካት የሚቀለው ነገር ክብደቱም የሚበልጥ መምሰሉ ላይ ነው።

ኬቨን ዱራንትን እንውሰድ። በ2007 ከድራፍቱ በፊት በተደረገው ፈተና 84 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከደረቱ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ማንሳት አቃተው። ብዙ ተባለ። ሲያትል በሁለተኛው ተራ ወሰደው፤ በ2014 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2017 እና በ2018 ዋንጫ አነሳ። ከእሱ በፊት አንደኛ የተመረጠው ግሬግ ኦደን በጉልበት ጉዳት እየተሰቃየ በኤንቢኤ የተጫወተው 105 ጨዋታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ለመልማዮቹም ፍርድ ማጓደል አይገባም። የኦደን ጉልበት እንዲያ እንደሚሆን በእርግጠኝነት ሊያውቅ የሚችል አልነበረም፤ ዕድል የሚባል ነገር አለ። ብረቱን ከቁም ነገር የቆጠሩት ግን በዕድል ሊያመካኙ አይችሉም፤ የሚወዳደረው ልጅ ኳስ የሚጫወት ነው እንጂ ክብደት የሚያነሳ አይደለም።

2013 ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ዓመት ነው። ክሊቭላንድ ካናዳዊውን አንቶኒ ቤኔትን አንደኛ ብሎ ጠራ። ቤኔት በኔቫዳ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ጥሩ ተጫውቷል፣ ጠንካራ ነው፣ ያስቆጥራል። በመጀመሪያው ዓመቱ 4.2 ነጥብ አስቆጠረ፤ በዓመቱ ለሚኒሶታ ተላልፎ ተሰጠ፤ አራት ዓመት በአራት ክለብ ቆይቶ ከሊጉ ወጣ። በዚያው ምሽት 15ኛውን ተራ የያዘው ሚልዋኪ በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለፊላትሊቲኮስ የሚጫወት የ18 ዓመት ልጅ መረጠ። ያኒስ አንቴቶኩምፖ ከናይጄሪያውያን ወላጆች አቴንስ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የግሪክ ዜግነት ያገኘው ከድራፍቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። የሚጫወትበት አዳራሽ ትንሽ፣ የሚገጥማቸው ቡድኖች ደካማ፣ ሰውነቱ ቀጭን። ከዚያ ከሚወጣ ቁጥር ምንም መናገር አይቻልም ነበር።

ሊታይ የሚችለው ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ቁመት እያለው ኳስ እያንጠባጠበ ሜዳውን ያቋርጣል፤ ከቡድኑ ረጃጅሞች አንዱ ሆኖ ሳለ ለጓደኞቹ ኳስ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሚልዋኪ ይህን አየ። ከዚያም ሁለተኛው ዕድል መጣ፤ ቡድኑ በዚያ ዓመት 15 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የሊጉ መጨረሻ ሆነ። ለደጋፊው መከራ ነበር፤ ለልጁ ግን በጨዋታ 24 ደቂቃ ያህል የሜዳ ጊዜ ማለት ነው። እየተሳሳተ ተጫወተ፤ ቢሳሳት የሚቀይረው አልነበረም። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2021 በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ዋንጫውን ለሚልዋኪ አስገኘ። ያኒስ ወደ አንድ ዋንጫ ፈላጊ ቡድን ገብቶ የተጠባባቂ ወንበር ቢያሞቅ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ስንቱ ነው?

የኒኮላ ዮኪች ነገር ከዚህም ያስቃል። ዴንቨር በ2014 ስሙን 41ኛ ብሎ ሲያስጠራ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የታኮ ቤል ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። ልጁ ራሱ በዚያ ሰዓት ሰርቢያ ውስጥ ተኝቷል። ወፍራም ነው፣ አይዘልም፣ ሩጫውም የሚያስደንቅ አይደለም። ዴንቨር ያደረገው ብልህ ነገር ግን መምረጡ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ና አላለውም። ቤልግሬድ በሚገኘው ሜጋ ክለብ አንድ ዓመት ተጨማሪ ቆየ። ሜጋ ወጣት አሰልፎ ማሳደግን ዋና ሥራው ያደረገ ክለብ ነው፤ ዮኪች በዚያ ዓመት ቡድኑ በእሱ ዙሪያ ተገንብቶለት ከጎልማሶች ጋር እየተጋፋ የአድሪያቲክ ሊግ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያገራችን አባባል በተግባር ይኸው ነው። በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በ2023 ዴንቨርን ሻምፒዮን አድርጓል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ትዕግሥት ማግኘት ሁልጊዜ ከባድ ነበር። በ1995 ኬቨን ጋርኔት፣ በ1996 ኮቢ ብራያንት፣ በ2003 ሌብሮን ጀምስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ኤንቢኤ ገቡ። ሦስቱም ተሳካላቸው። በ2001 አንደኛ የተመረጠው ክዋሚ ብራውንም ከትምህርት ቤት በቀጥታ የገባ ነበር፤ የእሱ ስም ግን የሚነሳው ለመቀጣጫ ነው። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በ2005 ባደረጉት ስምምነት የመግቢያው ዕድሜ 19 ሆነ፤ አሜሪካዊ ተጫዋች ከሁለተኛ ደረጃ ከተመረቀ ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት ተባለ። ውጤቱ የአንድ ዓመት ኮሌጅ ሆነ። ልጁ በመስከረም ይመዘገባል፣ በሚያዝያ ይሰናበታል። ተምሯል ለማለት ያስቸግራል።

ኤንቢኤ ራሱ መፍትሔ ብሎ በ2020 ኢግናይት የሚባል ቡድን አቋቋመ። ኮሌጅ መግባት የማይፈልጉ ታዳጊዎች በታችኛው ሊግ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ለታወቁት እስከ 500 ሺህ ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ጄለን ግሪን በ2021 ሁለተኛ፣ ኮንጎያዊው ጆናታን ኩሚንጋ ሰባተኛ፣ ስኩት ሄንደርሰን በ2023 ሦስተኛ ሆነው ከዚያ ተመርጠዋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ቡድኑ ግን በ2024 ተዘጋ። የሚጠቀሰው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲነግዱ ስለተፈቀደ ኮሌጁ ከኢግናይት የበለጠ መክፈል ጀመረ። ከ2025 ወዲህማ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ከገንዘቡ ሌላም ግን ችግር ነበረው። ኢግናይት በመሠረቱ ለተስፈኞች የተሰበሰበ ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ ለመልማይ ዓይን ይጫወት ነበር፣ ማሸነፍ ዋናው ጉዳይ አልነበረም። ሽንፈት ማንንም የማያስቆጣበት ቤት ለታዳጊ ጥሩ ትምህርት ቤት አይሆንም።

አውሮፓውያን በዚህ ይሻላሉ። ሉካ ዶንቺች በ13 ዓመቱ ከሉብልያና ሪያል ማድሪድ ገባ፣ በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ፣ በ2018 በ19 ዓመቱ የዩሮሊግ ዋንጫ አንስቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ከአሜሪካ ውጪ ከዚያ በላይ የሚፈተንበት መድረክ የለም። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ድራፍት ሦስተኛ ነው የወጣው፤ ፈጣን አይደለም፣ አይዘልም ተባለ። አንደኛውን ተራ የያዘው ፊኒክስ ዲአንድሬ ኤይተንን ሲመርጥ፣ የፊኒክስ አሰልጣኝ ኢጎር ኮኮሽኮቭ ከአንድ ዓመት በፊት ስሎቬኒያን ከነዶንቺች የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነበር። ልጁን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እያለ ሰሚ ጠፋ።

ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማ በ2022 የወሰነው ውሳኔ ደግሞ ለማንኛውም ወላጅ ትምህርት ይሆናል። በዩሮሊግ የሚጫወተውን አስቬልን ትቶ ከዩሮሊግ ውጪ ወዳለው ሜትሮፖሊታንስ 92 ተዛወረ። እዚያ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ቬንሳን ኮሌ ነበሩ፤ ቡድኑ በእሱ ዙሪያ ተዋቀረ፤ ለሰውነቱ ማጠንከሪያ ጊዜ ተሰጠው። በ19 ዓመቱ የፈረንሳይ ሊግ ኮከብ ነጥብ አስቆጣሪና ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። ትልቁን ስም ሳይሆን የሜዳውን ደቂቃ መረጠ ማለት ነው።

ዕድሜን በሚመለከት አንድ ነገር መታከል አለበት። የዛሬ መልማዮች ዕድሜን በወራት ይቆጥራሉ፤ በ19 ዓመት የተሠራ ሥራና በ22 ዓመት የተሠራ ሥራ ዋጋው አንድ አይደለም። ታቢት ሲመረጥ 22 ዓመቱ ነበር፤ ይህ ብቻውን ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ፓስካል ሲያካምም በ2016 ሲመረጥ 22 ዓመቱ ነበር፣ ያውም 27ኛ። ካሜሩን ውስጥ ካህን እንዲሆን ታስቦ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው፤ ኳሱን የምር የያዘው በ2012 ደቡብ አፍሪካ ላይ ኤንቢኤ ባዘጋጀው የወጣቶች ካምፕ ከተሳተፈ ወዲህ ነው። ቶሮንቶ በመጀመሪያው ዓመቱ በታችኛው ቡድኑም አጫወተው፤ ይህም እንደ ቅጣት አልተቆጠረም። በ2017 የዚያ ሊግ ሻምፒዮን ሲሆኑ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሲያካም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በኤንቢኤ ሻምፒዮኑ ቡድን ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ሁለቱም አፍሪካውያን በ22 ዓመታቸው ገቡ፣ ሁለቱም ወደ ታችኛው ሊግ ተላኩ። አንዱ እንዲያድግ፣ ሌላው ከዓይን እንዲርቅ። ልዩነቱን ዕድሜ አይነግረንም፤ ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ የሚለው ግን ይነግረናል።

ወደ ካማን ማሉዋች የምንመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ2006 ደቡብ ሱዳን ሩምቤክ ተወለደ፣ ካምፓላ አደገ፣ ኳስ የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው። ጫማ በልኩ ስላልተገኘለት የመጀመሪያ ልምምዱን በክሮክስ ሠራ። ከዚያ ሴኔጋል ወደሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ። በ2022 በ15 ዓመቱ ለደቡብ ሱዳኑ ኮብራ፣ በቀጣዩ ዓመት ለሴኔጋሉ ዱዋን፣ በ2024 ለኡጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ። ሊጉ በ2021 ኪጋሊ ላይ ሲጀመር ብዙዎች ለማስታወቂያ የተቋቋመ ነው ብለው ንቀውት ነበር። ነገር ግን የአካዳሚው ታዳጊዎች በየክለቡ ተከፋፍለው ከጎልማሶች ጋር እንዲጫወቱ የሚያደርግ ፕሮግራም አለው፤ ተስፈኞቹን በአንድ ቡድን ያከማቸው ኢግናይት ያጣው ነገር ይኸው መከፋፈል ነው።

ማሉዋች በ16 ዓመቱ ለዓለም ዋንጫ፣ በ17 ዓመቱ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ። የደቡብ ሱዳን ቡድን በፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት በሉዎል ዴንግ ጥረት የተገነባ ነው። አገሪቱ ያኔ ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ ሜዳ አልነበራትም፤ በጁላይ 2024 ለንደን ላይ ግን አሜሪካን አስጨንቃ 101 ለ100 ነው የተሸነፈችው። በአንድ ልጅ ላይ ፍርድ ለመስጠት ከእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ውስጥ ሆኖ መታየቱ ከአሥር የመለኪያ ሳምንት ይበልጣል።

ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በአማካይ 21 ደቂቃ፣ 8.6 ነጥብ፣ 6.6 ሪባውንድ። በኮሌጅ ሻምፒዮናው ግማሽ ፍጻሜ ሂውስተን ዱክን 70 ለ67 ሲያሸንፍ ማሉዋች 2 ሜትር ከ15 ቁመቱን ይዞ አንድም ሪባውንድ ሳያገኝ ወጣ። የሂውስተን ልጆች ከእሱ ያጥራሉ፤ ግን ኳሱ ቅርጫት ሳይደርስ በፊት ጀርባቸውን ደግፈው ከቦታው ያወጡት ነበር። ታቢትና ብሌር ትዝ ቢሉ አይፈረድም፤ ብዙዎችም ያን ምሽት ይዘው ፈረዱበት።

ነገር ግን ሌላም ቁጥር ነበር። ማሉዋች ከነፃ ውርወራዎቹ ከመቶ 76ቱን አስገብቷል። ይህ ተራ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ነፃ ውርወራ ተከላካይ የሌለበት፣ ርቀቱ የማይለወጥ፣ በድግግሞሽ ብቻ የሚሻሻል ነገር ነው፤ መልማዮች ከርቀት መወርወር የሚችለውንና የማይችለውን ለመተንበይ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ኳስ ከጀመረ ስድስት ዓመት ያልሞላው የ18 ዓመት ልጅ እዚያ መድረሱ ስለ እጁም ስለ ትምህርት ፍጥነቱም ይመሰክራል። አንዱ ምሽት ዛሬ የሚጎድለውን ያሳያል፤ ስድስቱ ዓመታት ደግሞ ነገ ምን ሊማር እንደሚችል። በዚህ ሚዛን ማሉዋች ከታቢት የተሻለ ተስፋ ነው።

ፊኒክስ በጁን 2025 በ10ኛው ተራ አገኘው። ተራው የተገኘው ኬቨን ዱራንት ወደ ሂውስተን በተላከበት ዝውውር ነው፤ ያው ብረት ማንሳት ያቃተው ልጅ 18 ዓመት ቆይቶ የአንድ ደቡብ ሱዳናዊ መግቢያ ሆነ። በዝውውሩ ወደ ፊኒክስ ከመጡት አንዱ የኢግናይቱ ጄለን ግሪን ነው። ሆኖም ክለቡ በዚያው ምሽት ሌላም ነገር አደረገ። ማርክ ዊሊያምስን ከሻርሎት አመጣ፤ ወጣት ነው፣ በዱክ የተጫወተ ነው፣ የሚጫወተውም በማሉዋች ቦታ ነው። ጋሶልና ታቢትን ያስታወሰ ሰው ቅሬታ ቢሰማው ተገቢ ነው። ፊኒክስ ልጁን በታችኛው ሊግ በቂ ደቂቃ እየሰጠ በዕቅድ ካሳደገው የሲያካምን መንገድ ይዟል። በወንበር ላይ አስቀምጦ ሦስት ዓመት ቆይቶ አልሆነም ካለ ግን፣ ጥፋቱ ከማሉዋች ላይ እንዳይደፋ ዛሬውኑ መጻፉ አይከፋም።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። ማሉዋች ከወጣበት አገር የተሰደዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጋምቤላ ውስጥ በመጠለያ ይኖራሉ። ዱራንት ያደገባት ሜሪላንድ ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ምንጮች አንዷ ነች፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ደግሞ ያገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ነው። ቁመቱ የዘለቀ ልጅ ባለበት ሁሉ ደላላ ይደርሳል፤ ስኮላርሺፕ አለ፣ ቪዛ እኔ እጨርሳለሁ ይላል። የሚነገረው የኤንቢኤ ደመወዝ እንጂ ሌላው አይነገርም። ለምሳሌ የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የገባ ተጫዋች እንደ ጓደኞቹ በስሙና በምስሉ እየሠራ ገንዘብ እንዳያገኝ የቪዛው ሕግ እጁን ይይዘዋል። የልደት ወረቀት ጉዳይም አለ። ለስደተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 የሚል የልደት ቀን ይሞላለታል፤ በኋላ ዕድሜው አጠራጣሪ ሲባል ጣጣው የሚወድቀው በልጁ ላይ እንጂ ወረቀቱን በሞላው ላይ አይደለም። ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ደላላ በር ሲያንኳኳ፣ ጋምቤላም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወላጆች ስለ ቁመት የሚናገረውን ይተዉት። የሚያሰለጥነው ማን ነው? በሳምንት ስንት ጨዋታ፣ በጨዋታ ስንት ደቂቃ ይሰለፋል? በእሱ ቦታ የሚጫወቱት ስንት ናቸው? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ኳሱ ባይሳካ የየትኛው ክፍል ትምህርት ማስረጃ በእጁ ይኖራል? ከልጁ ላይ ማን ስንት ይወስዳል? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚያነብላቸው የሚያምኑት ሰው ይፈልጉ። ያ ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ የልጁን ፓስፖርት ለማንም አይስጡ።